ኅዳር ሲታጠን የታመመ ሳንባ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው፤ የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቅጠልና በእንጨት እንጀራ ስጋግር ኖሬአለሁ፤ ሲጋራ ግን አጭሼ አላውቅም። ሐኪሙ «ሲኦፒዲ» የሚባል ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው አለኝ። ክረምቱን እንደምንም አልፌ፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሲወጣ፣ ኅዳር ላይ ይብስብኛል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ እናታችን፣ ይህ በሽታ የአጫሾች ብቻ አይደለም። ለዓመታት የምድጃ ጭስ የጠጣ ሳንባም በዚሁ መንገድ ይጎዳል፤ በአገራችን ደግሞ ሸክሙ በብዛት የወደቀው በእናቶች ላይ ነው።

ኅዳር ላይ ሰማዩ የጠራው ከላይ ብቻ ነው። ዝናቡ ስለቆመ አየሩን የሚያጥበው የለም። ሌሊቱ ደመና ስለሌለው መሬት ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና እዚያው ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ደግሞ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። የመኪናው፣ የከሰሉና የቆሻሻው ጭስ ሁሉ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ፣ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከክዳኑ ሥር ይቆያል። በዚህ ላይ ኅዳር 12፣ የየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» ይደርሳል። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ የቆየው ይህ ልማድ መልካም ጎን አለው፤ ሰፈር ይጠረጋል፣ ጓዳ ይጸዳል። ጠርጎ ማውጣቱ ይቀጥል፤ ክብሪቱ ግን ይቅር። በተለይ ፌስታል፣ ጎማና የፕላስቲክ ጠርሙስ ማቃጠል ለታመመ ሳንባ መርዝ ነው።

ጉዳቱን የሚያደርሰው ለዓይን የማይታየው ብናኝ ነው። ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ስለማይበልጥ አፍንጫ አያስቀረውም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል፣ ቧንቧዎቹን ያሳብጣል፣ አክታ ያበዛል። እርስዎ ዘንድ ቧንቧው ቀድሞም ጠቧል፤ ትንሽ እብጠት ሲጨመርበት የገባው አየር መውጫ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በሜትር ኪዩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል።

ስለዚህ ከንጋቱ 12 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ከቤት አይውጡ፤ ገበያውም ሆነ ሌላው ጉዳይ ለቀትር ይቆይ። መስኮት ከ5 እስከ 10 ሰዓት ይክፈቱና የማታው ከሰል ሳይያያዝ ይዝጉት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ መስኮት መዝጋት የሚጠቅመው ቤቱ ውስጥ ጭስ ከሌለ ብቻ ነው። ምድጃ ወይም ዕጣን እያጨሰ መዝጋት ከውጭው የባሰ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ እሱን ይጠቀሙ፤ ከሌለ ሌላ ሰው ይጋግር፤ እርስዎ ነፋሱ ጭሱን ወደማያመጣበት በኩል ይሁኑ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ በፌስታል አይቀጣጠል። ኅዳር ሚካኤልን ለመሳለም ሲሄዱም ከ4 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ከሁሉም በላይ ሐኪምዎን ጥቅምት ላይ ይዩ፤ መድኃኒትዎ ይከለስ፣ ያልተጀመረ ፓፍም (በአፍ የሚሳበው የሚነፋ መድኃኒት) በመጠባበቂያነት ቤት ይኑር።

ጥያቄ፦ አባቴ የ67 ዓመት ሰው ናቸው፤ አስም አለባቸው። በበጋ ሰማያዊውን ፓፍ በወር ሁለት ይጨርሳሉ፤ «ባዶ ነፋስ ነው» እያሉ ያማርራሉ። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ይሆን?

መልስ፦ ከመድኃኒቱ በፊት አጠቃቀሙን እንይ። አንዱ ፓፍ በአብዛኛው 200 ጊዜ ይነፋል፤ በወር ሁለት ካለቀ በቀን 13 ጊዜ ገደማ ነው። ይህ የአስሙ መባባስ ምልክት ነው፤ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ይያቸው። ሰማያዊው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያክምም። እብጠቱን የሚያክመው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ መከላከያ ፓፍ ነው፤ ደህና ነኝ በተባለበት ቀንም በየዕለቱ ይወሰዳል። ከተወሰደ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አነፋፉ ላይ ነው። ተጭኖ ዘግይቶ የሚስብ፣ ሁለቴ በአንድነት የሚጫን፣ በኃይል የሚስብ፣ ሁሉም መድኃኒቱን ጉሮሮው ላይ ያስቀረዋል። መፍትሔው ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ ነው፤ ካልተገኘ ከግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይሠራል። በጠርሙሱ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ ቅርጽ ምልክት ያድርጉ፤ በጋለ ሽቦ ወይም በስለት ይብሱት። ፓፉ ሲገባ ጥብቅ ይበል፤ ክፍተት ካለ ዙሪያውን በፕላስተር ይድፈኑ። ፍርፋሪ እንዳይቀር አራግፈው በሳሙና ውሃ ይጠቡት። ውስጡን ግን በጨርቅ አይወልውሉ፤ ሲታሽ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው የሚስብ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ተዘቅዝቆ በራሱ ይድረቅ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ፓፉን ይነቅንቁት፤ አዲስ ከሆነ ወይም ለቀናት ካልተነካ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ይንፉት። ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ የጠርሙሱን አፍ በከንፈር ግጥም አድርገው ይያዙ። አንዴ ብቻ ይጫኑ፤ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ። ግማሽ ደቂቃ ቆይተው፣ ነቅንቀው ሁለተኛውን ይድገሙ። ፓፉ ማለቁን ውሃ ላይ በማንሳፈፍ ማወቅ አይቻልም፤ የነፉትን ይቁጠሩ።

ድንገት ሲያፍናቸውና ሐኪም የተለየ ትእዛዝ ካልሰጣቸው፣ ሰማያዊውን 4 ጊዜ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ይውሰዱ። በ20 ደቂቃ ካልተሻላቸው ሌላ 4 እየደገሙ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው 20 ደቂቃውን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ አፍንጫዬን በነጠላ ብሸፍን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ነጠላ አቧራ ይቀንሳል እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ የሕክምናው ሰማያዊ ጭምብልም በጎን ያስገባል። የሚሠራው ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል ነው፤ ያውም ፊት ላይ ሲገጥም። ጢም ክፍተት ይፈጥራል። ሳንባው በጣም የተጎዳ ሰው ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይሞክረው።

ጥያቄ፦ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 92 ይለኛል፤ ልደንግጥ?

መልስ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥርም ከቆላው ዝቅ ይላል። ደህና በሆኑበት ሰሞን፣ 5 ደቂቃ አርፈው፣ እጅዎን አሙቀው፣ የጥፍር ቀለም አስለቅቀው ይለኩና የራስዎን ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ 3 ወይም 4 ከወረደና ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ከ90 በታች ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አክታው ከበዛና ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠም እንዲሁ።

መለኪያው የሚያሳስትበት አንድ ክፉ ጊዜ አለ። በውርጭ ሌሊት ከሰል መኝታ ቤት የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፤ «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ይላሉ። ፍሙ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ጭምብል አያስቀረውም፤ መለኪያውም ይህን ጋዝ የተሸከመውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ከሰል ባለበት ክፍል ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው፣ ቁጥሩ 98 ቢልም፣ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣና ሕክምና ይሂድ።