ገና ላልወጣ ጌም ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው እሁድ ታናሽ እህቴ ደወለች። ድምጿ ከመነሻው የመረራት ሰው ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች አላስቀምጥ አሉኝ። በሰውነት እንቅስቃሴ የሚጫወቱት አዲስ ጌም ሊወጣ ነው፣ ቀድመን እንዘዝ ይላሉ። የሞከሩት ሰዎችም አድንቀው ጽፈዋል። ልክፈል ወይስ ልተወው?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ሁለት ፈረቃ እየሠራችሁ ልጆቻችሁን በቅጡ የምታዩት ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሆነ ብዙ ናችሁ። «የቤተሰብ ጌም» የሚለው ቃል ልባችሁን የሚያሸንፈውም ለዚሁ ነው። ልጁ በሩን ዘግቶ ከስክሪን ጋር ከሚውል፣ ሳሎን ወጥቶ ከእናንተ ጋር ቢዘል ማን ይጠላል? እኔም እንዲሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ በ2006። እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የእንቅስቃሴ ጌም ሳሎኔን ረግጧል። አንዳንዱ ዛሬም ይሠራል። አንዳንዱ በሁለት ሳምንቱ ወደ ሳጥኑ ተመልሷል።

በመጀመሪያ «ሞከርነው» የሚባለው ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ እንወቅ። ጸሐፊው ኤግዚቢሽን ይሄዳል፣ ወይም ኩባንያው ወዳዘጋጀው ቦታ ይጠራል። ክፍሉ ሰፊ ነው። መብራቱ ተስተካክሏል። አጠገቡ «ክንድህን እንዲህ አድርግ» የሚለው የኩባንያው ሰው ቆሟል። እንዲሞክር የሚሰጡት ከጌሙ ሁሉ የሚያምረውን ክፍል ነው፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ክንድ ማወናጨፍ ደግሞ ማንንም ያስቃል። ጸሐፊው ዋሸ አልልም። ያየውን ነው የጻፈው። ያላየው የእናንተን ሳሎን ነው።

በ2009 ማይክሮሶፍት ሎስ አንጀለስ በተካሄደው ኢ3 በሚባለው የጌም ኤግዚቢሽን ላይ ያለ መቆጣጠሪያ፣ በካሜራ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ አሳየ። በኋላ ኪኔክት የተባለው ነው። አብሮ ማይሎ የሚባል ልጅ ታየ። ስክሪን ውስጥ ሆኖ ሰው የሚያናግር፣ የሰው ስሜት የሚያውቅ ተብሎ። ማይሎ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዝግጅት የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ ጣት ላይ ተሰክቶ የልብ ምት የሚለካ መሣሪያ አስተዋወቀ። እሱም የውሃ ሽታ ሆነ።

ተቃራኒውም አለ። በ2010 የኒንቴንዶው ጌም ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ ዜልዳ የሚባለውን ጌም አዲሱን መድረክ ላይ ሊያሳይ ሲሞክር በእጁ እንቅስቃሴ የሚመራው ሰይፍ አልታዘዝ አለው። አዳራሹ ውስጥ የገመድ አልባው ሞገድ በዝቶ ነው ተባለ። ሰዉ ግን ጥርጣሬ ገባው። ጌሙ በ2011 ሲወጣ ሰይፉ የእጅን አቅጣጫ እየተከተለ የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መድረክ ላይ የሠራም ሆነ ያልሠራ ለእናንተ ቤት ምስክር አይሆንም።

እኔ እንዲህ ያለ ጌም የምመዝነው በእናቴ ነው። ልትጠይቀን መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ተቀምጣ ነበር። የአገሩን ቋንቋ አታነብም። ከልጅ ልጆቿ ጋር በቃል የምትግባባውም በግማሹ ነው። አንድ ቀን ማታ በኒንቴንዶ ዊ ቦውሊንግ ስንጫወት «ነይ ሞክሪ» አልናት። «ሂዱ ወዲያ፣ እኔ ደግሞ!» አለች። በስንት ልመና ተነሳች።

ጨዋታው ቀላል ነው። ከሪሞቱ ጀርባ ያለውን ቁልፍ ይዞ ክንድን ወደ ኋላ መውሰድ፣ ወደ ፊት ማወናጨፍ፣ ከዚያ ቁልፉን መልቀቅ። «አሁን ልቀቂው!» አላት ልጄ። ለቀቀችው። ቁልፉን ሳይሆን ሪሞቱን። ማሰሪያው አንጓዋ ላይ ስለነበር ተንጠልጥሎ ቀረ። በሁለተኛው ቁልፉን የለቀቀችው ክንዷ ገና ወደ ኋላ ሳለ ነው። ኳሱ ዞሮ ወደ ተመልካቾቹ ሄደ። ስክሪኑ ውስጥ ከኋላ የቆሙት ድንክዬ ሰዎች ደንግጠው ዘለሉ። «ውይ፣ ይቅርታ!» አለቻቸው ከልቧ። በሦስተኛው ስምንት ጣለች። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ተራ ለማግኘት እሷን መለመን ሆነ ሥራቸው።

ያ ጌም፣ ዊ ስፖርትስ የሚባለው፣ ከጃፓንና ከደቡብ ኮሪያ በስተቀር ከኮንሶሉ፣ ማለትም ከጌም ማጫወቻው ከዊ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ከ82 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ወጥቷል። ምስሉ እንኳ በዚያን ጊዜ ሚዛን የሚያስደንቅ አልነበረም። ዋናው ነገር እንቅስቃሴው ራሱን በራሱ ማስረዳቱ ነው። ዋና ዋናዎቹ ኮንሶሎች የአማርኛ ምናሌ የላቸውም። ስለዚህ የሞካሪውን ጽሑፍ ስታነቡ ስለ ግራፊክሱ ያለውን እለፉት። ፈልጉ የምላችሁ ሌላ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው፣ የአራት ዓመት ሕፃን ይሁን የሰባ ዓመት እናት፣ አንዴ አይቶ ይገባበታል? «እንቅስቃሴው ደስ ይላል፣ ግን አራት ቁልፍ አብሮ መጫን ይጠይቃል» የሚል ካያችሁ ያ የቤተሰብ ጌም አይደለም። የልጁ ጌም ነው፣ እናንተ ተመልካች ናችሁ።

ማሰሪያውን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ዊ በወጣ ሰሞን ማሰሪያው እየተበጠሰ ሪሞቱ ቲቪ ላይ ያርፍ ነበር። ኒንቴንዶ በዲሴምበር 2006 ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ማሰሪያ ወፈር ባለ ሊቀይር ግድ ሆነበት። እኔ ቤት ግን ጥፋቱ የማሰሪያው አልነበረም። የወንድሜ ልጅ ማሰሪያ ማሰር የሕፃን ሥራ መስሎት ተወው። ቴኒስ፣ ሦስተኛው ሰርቭ ላይ፣ ቲቪው መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ነው። ዛሬም ስንገናኝ ቲቪዬን አያይም።

አሁን ትንሽ ወደ አሠራሩ እንግባ። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ላይ ነውና። የእንቅስቃሴ ጌም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እጃችሁ ላይ የያዛችሁት ነገር እንቅስቃሴውን ይለካል፣ እንደ ዊ ሪሞትና ጆይ-ኮን እንደሚባለው የኒንቴንዶ ስዊች መቆጣጠሪያ። ሁለተኛው ካሜራ ቆሞ እናንተን ያያችኋል፣ እንደ ኪኔክት ወይም በ2023 እንደወጣው ኔክስ ፕሌይግራውንድ። ካሜራው ባዶ እጅ ስለሚያጫውት ለትንንሽ ልጆች ይመቻል። የሚሰበር ነገር የለም። ግን ቦታ ይበላል። ለኪኔክት ይመከር የነበረው ለአንድ ሰው 1.8 ሜትር፣ ለሁለት ሰው 2.4 ሜትር ያህል ከቲቪው መራቅ ነው። መሃል ላይ ጠረጴዛ ሳይኖር። ኪራይ ቤት የምትኖሩ ይህን ሜትር በእርምጃ ለኩት። ኪኔክት በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ተሸጦ ጊነስ መዝገብ ገብቷል። በ2017 ምርቱ ቆመ። ካስቆሙት ነገሮች አንዱ ይኸው የሳሎን ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሶፋ መግፋት የሚጠይቅ መዝናኛ አንድ ሳምንት ነው ዕድሜው።

በእጅ የሚያዘው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የመጀመሪያው የዊ ሪሞት የሚያውቀው ፍጥነት እንዴት እንደተለወጠ ነው። እጃችሁ እንዴት እንደዞረ በትክክል አያውቅም ነበር። ስለዚህ ክንዱን ሙሉ ያወናጨፈ አባትና ሶፋ ላይ ተጋድሞ አንጓውን ብቻ ነቅነቅ ያደረገ ልጅ እኩል ይመታሉ። እንዲያውም ልጁ ያሸንፋል። በ2009 መዞርን የሚለካ ተጨማሪ ዕቃ መጣ። ዛሬ ጆይ-ኮን ውስጥ ሁለቱም አሉ። ይሁንና መሣሪያው ቢችልም ጌሙ ላይጠቀምበት ይችላል። ጀስት ዳንስ የሚባለውን የዳንስ ጌም በስዊች የሚጫወት ሰው በቀኝ እጁ የያዘውን ብቻ ነው የሚቆጠርለት። እግሩ ቢደንስም ባይደንስም ነጥቡ ያው ነው። እኔ ቅር አይለኝም፣ ልጆቹ ስለሚደንሱ። «ስፖርት ይሆነኛል» ብሎ የሚገዛ ሰው ግን ይወቀው። ስለዚህ ሞካሪው «ትንሽ ነቅነቅ ብታደርገውም ይሠራል» ብሎ ከጻፈ ልጆቻችሁ ያንን በአንድ ቀን ይደርሱበታል። መንቀሳቀሱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ፎቅ ላይ የምትኖሩስ? ከሥር ያለው ጎረቤት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የእናንተን ዝላይ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እኔ በር ተንኳኩቶብኛል። በ2019 የወጣው ሪንግ ፊት አድቬንቸር ለዚህ ዘዴ አበጅቷል። ድምፅ አልባ የሚባል ምርጫ አለው። ሩጫውን ትቶ ጉልበት እያጠፉ በመነሳት ይተካዋል። ጉልበታችሁ ይቃጠላል፣ ጎረቤት ግን ይተኛል። አዲስ ጌም ስትመለከቱ እንዲህ ያለ ምርጫ እንዳለው እዩ። ጽሑፎቹ ስለዚህ ብዙም አያነሱም። ኤግዚቢሽን ከሥሩ ጎረቤት የለውማ።

የቲቪውን ነገርም አልተወውም። እናቴ በሄደች በዓመቱ ትልቅ ቲቪ ገዛሁ። ቴኒሱን ስንከፍት ሁላችንም መምታት አቃተን። እጃችን መጀመሪያ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ከኋላ ይከተላል። ልጆቹ መቆጣጠሪያው ተበላሸ አሉ። አዲስ ልገዛ ስል አንድ ወዳጄ ቲቪው ላይ «ጌም ሞድ» የሚባለውን አበራልኝ። ወዲያው ተስተካከለ። ቲቪዎች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ትንሽ ያዘገዩታል። ፊልም ላይ አይታወቅም፣ ኳስ ለመምታት ግን ያቺ ቅጽበት ብዙ ናት። ጌሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህንን ሞክሩ።

ሌላው፣ በወጣበት ቀን የምታገኙት ጌም የተሟላ ላይሆን ይችላል። ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ በአፕሪል 2022 ሲወጣ ስድስት ስፖርት ነበረው። ጎልፉ የመጣው በኖቬምበር ነው፣ በነፃ። ቅርጫት ኳሱ ደግሞ በ2024። ለእግር ኳሱ ጆይ-ኮኑን ጭን ላይ የሚይዘው ማሰሪያም መጀመሪያ ላይ የሚያገለግለው ለፍጹም ቅጣት ምት መሳዩ ጨዋታ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የከፈለና ዓመት ጠብቆ የከፈለ እኩል ጌም አላገኙም። ለዚህ ነው ቀድሞ ማዘዝ ላይ እጄ የሚያጥረው። እንዲህ ያለ ጌም ከገበያ ሮጦ አይጠፋም። የሁለተኛውን ሳምንት ወሬ ጠብቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይዘላል። ጥያቄው በአሥራ አምስተኛው ቀን ልጁ ራሱ «እንጫወት» ይላል ወይ ነው።

ስትገዙ ሳጥኑን አገላብጡ። ስዊች ላይት ረከስ ስለሚል ብዙ ወላጅ ይወስደዋል። ግን ከቲቪ ጋር አይገናኝም፣ መቆጣጠሪያውም አይነቀልም። ለእንቅስቃሴ ጌም ጆይ-ኮን ለብቻ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፣ ስክሪኑም የእጅ መዳፍ የሚያክል። በ2025 ለወጣው ስዊች 2 ከሚሸጡት የጌም ካርዶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ጌሙ የለም፣ የማውረጃ ቁልፍ ብቻ ናቸው። ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ልብ በሉ። ሌላ አገር ያለ ዘመድ የስዊች ካርድ በስጦታ ቢልክ ግን አትስጉ፣ ካርዱ በአገር አይታጠርም። የድሮው ዊ ይታጠር ነበር።

የዕድሜ ምልክቱን እዩ፤ አውሮፓ ፔጊ፣ ሰሜን አሜሪካ ኢኤስአርቢ፣ ጀርመን ዩኤስኬ። ምልክቱ የሚነግራችሁ ይዘቱ ለልጅ ይሁን አይሁን ነው። ይከብዳል አይከብድም የሚለውን አይነግራችሁም። ፔጊ 3 የተጻፈበት ጌም የሦስት ዓመት ልጅን ሊያስለቅስ ይችላል። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ግን ለዚህ ተስማሚ ነው። መኪናው ከመንገድ እንዳይወጣ የሚይዝና ራሱ የሚነዳ ምርጫ አለው። መቆጣጠሪያውን እንደ መሪ ዘንበል ዘንበል ማድረግም ይቻላል። ሕፃኑ እየነዳ ይመስለዋል፣ ደግሞም ግማሹን እየነዳ ነው። እኔ በሕፃን ተሸንፌበት አውቃለሁ።

ለእህቴ ይህን ሁሉ በስልክ አወራሁላት። ሳሎኗን በእርምጃ እንድትለካ አደረግሁ። ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች፣ ሲጎተት የሚንሲጠጥ ነገር ሰማሁ። «ጋሼ፣ ሶፋው ከዚህ በላይ አይሄድም» አለች። «በይ እንግዲያው ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ የገዙት ሰዎች የሚሉትን እንስማ» አልኳት። ዝም አለች።

«ከፍለሻል አይደል?»

«ትናንት ማታ» አለችና ሳቀች።

ማሰሪያውን እንዳትረሳ ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ።