ለአስም የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎንና የአጥንት መሳሳት

እናትዎ ለአስም ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን የፕሬድኒሶሎን ክኒን፣ ጀርባቸውን ማመም ስለ ጀመራቸው ያቁሙት ወይ ብለው ለጠየቁት፦ በራሳቸው ፈጽሞ አያቁሙ። ክኒኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል (የደም ግፊትን ለመጠበቅ የሚረዳ ሆርሞን) ማምረት ስለሚቀንስ፣ ድንገት ማቆም የደም ግፊትን አውርዶ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል፣ አስሙንም ሊያባብስ ይችላል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪም ነው።

ሕመሙ ከክኒኑ የመጣ ይሆን የሚለው ጥርጣሬዎ ግን ተገቢ ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ አጥንት የሚገነቡ ሕዋሳትን ያዳክማል፤ መሳሳቱም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ይፈጥናል። አዲስ የጀርባ ሕመም የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይዘገዩ ከውጫሌ ወደ ደሴ ሆስፒታል ወስደው ራጅ ያስነሷቸው።

ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦
1. ክኒኑ በየቀኑ በሚሳብ የቤክሎሜታዞን ፓፍ ሊተካ ይችላል? ፓፉ በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው።
2. ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ ወይም እንደ አለንድሮኔት ያለ አጥንት የሚጠብቅ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል?

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በወሎ ደጋ ብርዱ ሲበረታ አስም የተነሳበት ሰው በአሮጌ ማዘዣ ክኒኑን እየገዛ ሲውጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እነዚህ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚወሰዱት ዙሮችም ተደምረው አጥንትን ስለሚጎዱ፣ እናትዎ ከዚህ በፊት የወሰዱትን ሁሉ አንድም ሳይቀር ለሐኪሙ ይንገሩ።