ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን፦ ስለ በረራ ሰዓት የጠየቃችሁኝ

እዚህ ባሕር ዳር ትኬት ቢሮ ስለምሠራ፣ ስለ በረራ ርቀትና ሰዓት ግር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ጉድ ጎረፈ። ብዙ ሰው የሚጋራቸውን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እማዬ ልጅ ልታርስ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከ500 ይበልጣል፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለዋ። በረራው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከቦሌ ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስትመለስ ያለማረፍ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጅባታል። ስትሄድ ግን ከዚያ በደንብ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ መንገዱ ያው አይደል እንዴ? መሄጃው ለምን ይረዝማል?

መልስ፦ ዋናው ጣጣ ቦሌ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ከዋሽንግተን ሲነሳ ይህ ችግር የለም፤ ቦታው ዝቅተኛ ነው። በዚያ ላይ ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ነፋስ ከኋላ ሲገፋና ከፊት ሲመጣ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ «ሐሙስ 00:30» ይላል። ሐሙስ ቀን ከባሕር ዳር ብነሳ እደርሳለሁ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አውሮፕላኑ ጥሎህ ሄዷል። ትኬት ላይ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። 00:30 ማለት ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል። ለውጭ በረራ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስላለብህ፣ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ ሁን። ከባሕር ዳር የምትነሳው ረቡዕ ቀን ነው። እኔ ብሆን የጠዋቱን እይዛለሁ፤ የአገር ውስጥ በረራ ቢዘገይም ፋታ ይኖርሃል። ሰው በዚህ ሲጉላላ ስላየሁ ነው የምወተውተው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከዋሽንግተን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነስታ አዲስ አበባ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ትገባለች ተባልኩ። 20 ሰዓት ልትበር ነው?

መልስ፦ 13 ሰዓት ነው የምትበረው። የቀረው 7 የሰዓት ልዩነት ነው፤ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ትኬት ላይ መነሻም መድረሻም የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለቱን ዝም ብለሽ አትቀናንሺ።

ጥያቄ፦ ዱባይስ?

መልስ፦ ከቦሌ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 4 ሰዓት አካባቢ። እነሱ በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል።