መልስ፦ ድሬዳዋ ላይ ቀይ ወይን ሞቆ ሲቀርብ
ወንድሜ፣ ከዚራ ሰፈር እራት ላይ ቀዩ ወይን ሞቆ መጣብን፣ በረዶ ብንጨምርበት ነውር ነው ወይ ላልከው፦ ነውርስ አይደለም፣ ግን ያቀጥነዋል። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲባል ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ማለት ነው፤ ድሬ ማታም ቢሆን ከዚያ ትበልጣለች። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የፍሬው ጣዕም ይጠፋል። ምግብ ስታዙ ጠርሙሱንም አብራችሁ እዘዙና ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ ባለበት ባልዲ እስከ አንገቱ ይነከር፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በረዶ ብቻውን አይሆንም፣ በመሃሉ አየር ስላለ ቶሎ አያቀዘቅዝም። ብርጭቆውንም ከሲሶ በላይ አታስሞሉ።

ለአዋዜ ጥብስ ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) ቀይ ወይን ይቅርባችሁ፤ አፍ የሚያደርቀው ታኒንና አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል። ለስላሳ ጣፋጭነት ያለው አካሺያ ወይን ይሻላል። ደረቁን ቀይ ጉደርን ለፓስታ ወይ በርበሬ ላልበዛበት ሥጋ። ዓሣ ከሆነ ነጩ ወይን አዋሽ ክሪስታል፣ በደንብ ቀዝቅዞ።

በብርጭቆ የምታዙ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ «መቼ ነው የተከፈተው?» በሉ፤ በዚያ ሙቀት ከፍሪጅ ውጭ የከረመ ወይን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። 750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ ሦስት ከሆናችሁ እሱን አስከፍቱ።