ደሙ በዛ ወይስ አነሰ? የድሬና የሐረር አንባቢያን ስለ አንድ የዞምቢ ልብወለድ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ረቂቅ ናቸው። ጸሐፊው አስተያየት ፈልጎ በድሬዳዋና በሐረር አንባቢያን እጅ እንዲዞር የለቀቀው ልብወለድ ነው፤ ገና ስላልታተመ በስም አንጠራውም። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በሽታው በባቡር ድሬ ይገባል። የሞቱት ተነስተው ሕያዋንን ይነክሳሉ። የድሬ ሰፈሮቹ ከዚራና መጋላ በሦስት ቀን ይወድቃሉ፤ የተረፉት በደንገጎ አቀበት አድርገው ሐረር ይወጡና በግንብ የታጠረችውን የጥንቷን ከተማ፣ የጀጎልን በሮች ዘግተው ይቀመጣሉ። ደም የሌለበት ገጽ የለም። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«አቦ፣ መጀመሪያ ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያነበብኩት። ምዕራፍ አራት ስደርስ ግን አንጀት ሲዘረገፍ እያነበብኩ ሻይ እጠጣለሁ። ደሙ በዝቶ ነው ወይስ እኔ ደንዝዤ?» ከሳቢያን

እርስዎ አልደነዘዙም። በመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች 31 ሰው ይሞታል፤ የ29ኙን ስም እንኳ አናውቅም። የማናውቀው ሰው ሲቆራረጥ አንድ ጊዜ እንደነግጣለን፣ ሁለት ጊዜ እንጠየፋለን፣ ከዚያ በኋላ ዓይናችን ብቻ ነው መስመሩን የሚከተለው። «አንጀቱ ተዘረገፈ» የሚለው ሐረግ ብቻ 17 ጊዜ ተጽፏል። ሁለቱን አስቀርቶ የቀረውን ቢያወጣ እነዚያ ሁለቱ ጉልበት ያገኛሉ።

ሌላው ችግር ደሙ ደም አለመምሰሉ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ያለው ደም በአማካይ 5 ሊትር ገደማ ነው፤ አንዲት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ማለት ነው። ረቂቁ ላይ ግን ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ የወጣው ደም ደረጃውን ሞልቶ አስፋልቱን ተሻግሮ ይወርዳል። በዚህ የኛ አገር አንባቢ አይታለልም። በየበዓሉ በግ ሲታረድ እያየ ያደገ ሰው ነው። ደም ሲወጣ ደማቅና አረፋማ እንደሆነ፣ በማለዳ ብርድ እንደሚተን፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ እንደ ጉበት እንደሚረጋ፣ ዳር ዳሩ እየጠቆረ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅ ያውቃል። ዝንቡን ያውቃል፣ ጫማ ሥር ሲጣበቅ የሚያሰማውን ድምፅም ያውቃል። ይህን ሁሉ ለሚያውቅ አንባቢ «ደሙ እንደ ጎርፍ ወረደ» ብሎ ማለፍ ንቀት ነው።

«ጎርፍ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ለጸሐፊው በአክብሮት የምንለው አለ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። እዚያ ከተማ ላለ አንባቢ ጎርፍ ማነጻጸሪያ አይደለም። በየምዕራፉ ለማሳመሪያ ሲገባ ያማል። ቃሉን መጠቀም ከፈለገ ለደቻቱ ራሱ ያቆየው፤ ደረቁ አሸዋ ላይ ዞምቢዎቹ ሲሻገሩ ከላይ በኩል ድምፅ ቢሰማ፣ ምን እንደሆነ ለድሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጸሐፊው ችሎታው እንዳለው የሚያሳይ ቦታ ደግሞ ምዕራፍ ሁለት ላይ አለ። የባጃጁ ሹፌር ሲነጋ መሪው ላይ የረጋውን ደም በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፈቀፍቃል፤ ከጎማው መያዣ ጎድጓዳ መስመሮች አልወጣ ሲለው የጥርስ መፋቂያውን ያወጣል። አንድ ጠብታ አዲስ ደም ሳይፈስ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚከብደው ያ አንቀጽ ነው። የማን ደም እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ሹፌሩም ባጃጁን ለሥራ ስለሚፈልገው ነው። ምክራችን፦ ከእያንዳንዱ ከባድ የደም ትዕይንት በኋላ ቢያንስ ሁለት ገጽ ለማጽዳት፣ ለመቅበርና ለማጠብ ይስጥ። አንድ ቁስል ይምረጥና ምዕራፍ እያሻገረ ይከተለው። በመጀመሪያው ቀን ይጠዘጥዛል፣ በሁለተኛው ያብጣል፣ በሦስተኛው ፋሻው ሲነሳ ሽታው ይቀድማል።

«ጀግናው የተነከሰች እህቱን ክንድ በአንድ የገጀራ ምት ከትከሻዋ በታች ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ባለው ገጽ እሷ ባጃጅ ትነዳለች። ይሆናል?» ከለገሃሬ

አይሆንም። ዶሮ በ12 ብልት የምታወጣ ሴት ሁሉ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ቢላ የሚገባው በመገጣጠሚያ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት ወፍራም ነው፤ ጡንቻውም ገጀራውን ይይዘዋል። በአንድ ምት ቢበዛ አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ ስለቱ ተሰክቶ ይቀራል፣ ነቅሎ ለመድገም እግር መትከል ያስፈልጋል። ያ መንቀል ነው አስፈሪው፤ ጸሐፊው ግን ዘሎታል። ክርን ላይ ቢሆን በሦስት በአራት ምት ሊታመን ይችላል።

ቀጥሎ ደሙ አለ። የክንድ ዋና ደም ሥር ተቆርጦ ካልታሰረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። ማሰሪያው ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ሆኖ ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ መገጣጠሚያ ላይ ግን አይታሰርም። ደሙ እስኪቆም በዱላ ይጠመዘዛል፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ነጠላ ለዚህ ይሆናል። ቀጭን ገመድ ሥጋውን እየቆረጠ ይገባል እንጂ ደሙን አያቆምም። ባጃጅ መንዳቱ ለሳምንታት ይቅር።

አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። ረቂቁ ላይ ንክሻ ሁሉ አረቄ እየፈሰሰበት ይታሰራል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ወጣት አንባቢ ደግሞ ካነበበው ይማራል። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያጥባል፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ይህ ለልብወለዱም ይጠቅመዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። ረቂቁ ላይ የተነከሰ በ40 ሴኮንድ ይለወጣል፤ ለፍርሃት ጊዜ የለም። የተነከሰችው እህት ሁለት ሳምንት አብራቸው ብትበላ፣ ወንድሟ በየማለዳው ውኃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን ቢያይ፣ ያ ገጽ አንባቢን ይይዛል።

«የጀጎል ልጅ ነኝ። በሮቹ ተዘጉና ሐረር ዳነች ይላል። ዋጥኩት እንዴ?» ከጀጎል፣ ፈረስ መጋላ

እኛም አልዋጥነውም። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲሠራ ለጦር ሰው ታስቦ ነው። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ አለው፣ 5 የጥንት በሮች አሉት። ለመኪና ተብሎ በኋላ የተከፈተው ስድስተኛው ረቂቁ ላይ የለም። ከሁሉ በላይ ግን «ወራባ ኑዱል»፣ ጅቦች እንዲገቡ ግንቡ ሥር የተተዉት ቀዳዳዎች ተረስተዋል። ጅብ የሚያሳልፍ ቀዳዳ የሚሳብ ሬሳም ያሳልፋል።

ጅቦቹስ የት ሄዱ? ሐረር ውስጥ የተጻፈ የሙታን ታሪክ ያለ ጅብ እንዴት ይሆናል? አጥንት ሰብሮ የሚበላ እንስሳ በየምሽቱ በሚመጣበት ከተማ ዳር የወደቀ ሬሳ እስኪነጋ አይቆይም። ጸሐፊው መወሰን አለበት፦ ጅብ ዞምቢ ይበላል? ከበላስ ይታመማል? አይታመምም ካለ ጅቦቹ የከተማዋ ጠባቂ ሆኑ፤ የሚመግባቸው ሰው ከንቲባውን በለጠ። ይታመማል ካለ ደግሞ ማታ ማታ ስማቸው እየተጠራ የሚመጡት ጅቦች ናቸው የመጨረሻው አደጋ። ሁለቱም መንገድ አሁን ካለው ይሻላል።

ውኃውም አለ። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ሐረር ከምትጠጣው ብዙው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ እየተገፋ ወደ ደጋ የሚወጣ ውኃ ነው። ድሬ ወድቃ መብራት ከጠፋ ጀጎል ውስጥ ያለው ሰው ስንት ቀን ይቆያል? የሮቶና የጀሪካን ሒሳብ ራሱ ሁለት ምዕራፍ ይወጣዋል።

የረቂቁ ዞምቢዎች ድምፅ ይከተላሉ። በጀጎል ያለው የመኪና ግርግር መንገድ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ያ ጠባብ መንገድ ዝም ሲል፣ አንድ ሰፊ ደግሞ ለከፈን ጨርቅ ለመዘምዘም ፔዳሉን መርገጥ ሲያስፈልገው እንዲታየን እንፈልጋለን።

«በድሬ ሙቀት ሬሳ ለወራት ይሄዳል?» ከገንደ ቆሬ

የታሪኩ ሕግ ነው ከተባለ ይሄዳል፤ ሥጋው ግን ሕጉን አያውቅም። የሞተ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መገተር ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ ሙሉ በሙሉ ይገተራል፣ በሁለተኛው ቀን እንደገና ይላላል። በሙቀት ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ዝንብ በደቂቃዎች ይደርሳል፣ እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። ስለዚህ ድሬ ላይ የአንድ ሳምንት ዞምቢ መሮጥ የለበትም፤ ሐረር ደጋ ስለሆነች እዚያ ያለው ይቆያል። ይህን ልዩነት ቢጠቀምበት በደንገጎ የሚወጡት ሰዎች ወደ ፈጣኖቹ እየሄዱ መሆኑን ዘግይተው ያውቁታል።

«በዞምቢ ፋንታ ቡዳ ቢሆን የኛ አይሆንም ነበር?» ከሐረር፣ አራተኛ

አንመክርም። ዞምቢ መነሻው ሃይቲ ነው፤ እዚያ የጥንቱ ዞምቢ ሥጋ በል ሳይሆን ከመቃብር ወጥቶ ለጌታ የሚያርስ ባሪያ ነበር። ሥጋ የሚበላው መንጋ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ፊልም ተስፋፋ። ስሙን የሚሸከም ሕያው ጎረቤት ግን የለንም። በቡዳ ስም ግን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሲገለል ኖሯል፣ ዛሬም ይጎዳል። ጭንቅላቱ የሚፈለጥ ጭራቅ ላይ ያን ስም መለጠፍ በሰው ላይ መፍረድ ነው።

«እኔን ያስለቀሰኝ ደሙ አይደለም፣ የእድሩ ጥሩንባ ነው። ለምን ግማሽ ገጽ ብቻ ሆነ?» ከከዚራ

ላላነበቡት፦ ምዕራፍ አንድ ላይ ጥሩንባ ነፊው ማለዳ አንድ ሞት ይናገራል፣ በማግስቱ ሦስት፣ ከዚያ ስም መጥራቱን ትቶ ዝም ብሎ ይነፋል፣ በአራተኛው ቀን ጥሩንባው አይሰማም። እኛም እዚያ ላይ መጽሐፉን አስቀምጠን ነበር። ሬሳው ተነስቶ የሄደበት ቤት ለቅሶ ይቀመጣል ወይ? እድሩ ድንኳን ይጥላል? እንደ እድር ያለው የሐረሩ መረዳጃ፣ አፎቻ፣ ምን ይወስናል? በዚያው ቀን መቀበር ያለበት ሟች በሩ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ማን ይከፍታል? ጸሐፊው ከምዕራፍ ስድስት የባቡር ጣቢያ ጭፍጨፋ ዘጠኙን ገጽ ቆርጦ ለዚህ ይስጠው። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ፣ ትናንት የሰረዘውን ስም ለመመለስ እስክሪብቶውን አንስቶ ሲያመነታ፣ ምዕራፉ ከዚያ ይጀምር።