የቡና ጥላን እስከ ምን ድረስ ላሳሳ?

ጥያቄ፦ ጎማ ወረዳ ውስጥ ግማሽ ሄክታር ቡና አለኝ። የጥላ ዛፎቹን በብዛት ስቆርጥ ሁለት ዓመት ጥሩ ምርት አገኘሁ። አሁን ግን ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ አረሙም አላፈናፍን ብሎኛል። የቀሩትን ቆርጬ ማዳበሪያ ልጨምር ወይስ ዛፍ ልትከል? (አንባቢ፣ ከአጋሮ)

መልስ፦ የቀሩትን አይንኩ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሲሳሳ ቡናው ብርሃን ያገኛል፣ ማሳውም ቶሎ ስለሚደርቅ የቡና ፍሬ በሽታ ጋብ ይላል። ያ ማሳሳት ትርፍ አለው። መጨረሻ ላይ የሚቆረጡት ጥቂት ዛፎች ግን ምርቱን እምብዛም ሳይጨምሩ አፈሩን፣ እርጥበቱንና ወፎቹን ይዘው ይሄዳሉ።

ጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ቡና ቅጠሉ ሊመግብ ከሚችለው በላይ ፍሬ ይይዛል። ፍሬው የቅርንጫፉን ስንቅ ሲጨርስ ቅጠል ይረግፋል፣ ጫፍ ይደርቃል፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርትም ያሽቆለቁላል። ማዳበሪያ ያስታግሰዋል፤ ግን የረገፈ የዛፍ ቅጠል በነጻ ይሰጥ የነበረውን በየዓመቱ መግዛት ነው።

መጀመሪያ ጥላዎን ይለኩ። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ በየ10 እርምጃው ይቁሙና ከላይ የዛፍ ጥላ አርፎብዎት እንደሆነ ይቁጠሩ። ከ20 ማቆሚያ 8 እስከ 10 ያህሉ ጥላ ከሆነ በቂ ነው። ከ5 በታች ከሆነ ይትከሉ።

ሰሳና ብርብራ ይቅደሙ፤ ቅጠላቸው ብርሃን ያሳልፋል፣ ሥራቸውም ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። ዋንዛ ለጣውላ ጥሩ ነው፤ ግን ጥላ በሚፈለግበት በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ብቻውን አይበቃም። ባሕር ዛፍ ከቡና ይራቅ። ችግኙን ከ10 እስከ 15 ሜትር አራርቀው ክረምት ሲገባ ይትከሉ፤ እስኪያድግ ድረስ በመሀሉ ሰስባኒያ (ቶሎ የሚያድግ ቁጥቋጦ) ወይም ሙዝ ጥላ ይሰጣል።

ክረምቱ ሲወጣ ግንዱን አንድ ስንዝር ርቀው መሬቱን ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር በቅጠል ያልብሱ፤ አረሙን ያፍናል። ግንዱ ሥር ያለውን በእጅ ይንቀሉ እንጂ በገጀራ አይምቱ። የቡና አድርቅ ፈንገስ በቁስል ይገባል፣ በስለቱም ከግንድ ወደ ግንድ ይሄዳል። የታመመውን ነቅለው እዚያው ያቃጥሉ፤ ገጀራውንም በእሳት ይለብልቡት።

ጥያቄ፦ ጌራ ወረዳ ውስጥ ንብ አረባለሁ። ጎረቤቶቼ አረም ማጥፊያና የጫት ተባይ መድኃኒት ይረጫሉ። ማሬ እየቀነሰ ነው፤ ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ሁለቱ ጉዳታቸው ይለያያል። አረም ማጥፊያው መጭንና ሌሎች አበቦችን ስለሚያጠፋ ንቡን ያስርባል፤ በማሳው ዳር ሁለት ሜትር ያህል ሳይረጭ እንዲቀር ይጠይቁ። የተባይ መድኃኒቱ ግን ራሱን ንቡን ይገድላል። ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ማታ እንዲረጩ፣ አበባ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይረጩ ይጠይቋቸው። ቡና ራሱን ቢያዳብርም ንብ ሲጎበኘው ፍሬ ይዞ የሚቀረው ይበዛል፤ ስለዚህ ጥቅሙ የእነሱም ነው። የነጭ ማሩን አበባ የሚሰጠው ገተማ እንዳይቆረጥም አብራችሁ ተስማሙ።

ለሁለታችሁም፦ በየዓመቱ የሚደረገው ምንጠራ የሰሳና የዋንዛ ቡቃያዎችንም አብሮ ያጭዳል፤ አሮጌዎቹ ሲወድቁ ተተኪ የሚጠፋው በዚህ ነው። መንጣሪዎች ከመግባታቸው አንድ ቀን በፊት ማሳውን ዞራችሁ ከጉልበት በላይ የደረሰ ቡቃያ ሁሉ አጠገብ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ትከሉ።