ራስ ዳሽን ላይ አቦሉ ለምን ቶና ሆነ?

በዚህ ወር የአንባብያንን ጥያቄ የሚመልሱልን ደባርቅ ተወልደው ያደጉና በስሜን ተራሮች እንግዳ ሲመሩ የኖሩ የቀድሞ አስጎብኚ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆነን በዐቢይ ጾም ራስ ዳሽን ወጥተን ነበር። ከቼነክ በኋላ ሁላችንም ሆዳችን ተነፋ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ይገምቱት። አለቃችንም አልቀሩ። ጥፋቱ የምግቡ ነው የተራራው? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሁለቱም ነው ልጄ፤ ተራራው ግን ይብሳል። ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ጋዝም የሚጫነው ሲቀልለት ይሰፋል። ከአዲስ አበባ ይዘኸው የተነሣኸው ጋዝ ጫፉ ላይ ሲሶ ያህል ጨምሮ ታገኘዋለህ። ሻንጣህ ውስጥ የታሸገው ቺፕስ አብጦ ሊፈነዳ ሲደርስ አላየህም? በዚያ ላይ ምሳው ሽሮ፣ እራቱ ምስር፣ መንገድ ላይ የሚቆረጠመው የሽምብራ ቆሎ። ተራራው ምን ያድርግ!

ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ኮሎራዶ ውስጥ ተራራ ሲወጡ ይኸው ደርሶባቸው በ1981 እ.ኤ.አ. ለአንድ የሕክምና መጽሔት ጽፈውታል፤ እንደማንኛውም ሕመም ስም አውጥተውለታል። ስለዚህ ለአለቃችሁ “በሳይንስ የታወቀ ነው” ብላችሁ ንገሯቸው።

መፍትሔው መያዝ አይደለም፤ ሰልፉን ማስተካከል ነው። ነፋሱን እያያችሁ ተራ ተለዋወጡ። ስካውቶቻችን፣ ማለትም ጠብመንጃ ይዘው የሚያጅቡን የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚሄዱት መንገድ ለመምራት ብቻ አይመስለኝም። እኔ እንዳየሁት የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ጨዋ ነው፤ “ይቅርታ” ይባባላል። አምቢቆ ሲደረስ ይቅርታው ይቀራል። ጫፉ ላይማ ማዕረግ የሚባል ነገር የለም። አንድ የተከበሩ ሰው እዚያ ላይ ባንዲራ ዘርግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ዛሬ በዚህ ታላቅ ስፍራ ላይ ስንቆም” ብለው ጀመሩ፤ የቀረውን ሆዳቸው ጨረሰላቸው። ማንም አልሳቀም። ስካውታችን ብቻ ጠብመንጃውን ተደግፎ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ከኋላ ይታየኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ራሳቸው ፈነዱ፤ ያ ሁሉ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ። እዚያ ላይ ትንፋሽ ለማጠር ብዙ መሳቅ አያስፈልግም።

ራስ ምታቱ ከጸና፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ ግን ቀልድ የለም። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ጫፉ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ለክረምት እረፍት አገር ቤት መጥቼ፣ ለእናቴ በገባሁት ቃል ጀበና ተሸክሜ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ቡና አፈላሁ። ጀበናው ቶሎ ገነፈለ፣ ቡናው ግን ቀጠነ። አቦሉ ቶና መሰለ። (ሄ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ በክረምት ጭቃ ጀበና ሳይሰበር እዚያ ያደረስሽ እህቴ፣ እጅሽን ይባርከው። ውሃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ሲፈላ እዚያ 85 አካባቢ ላይ ይፈላል። ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይንተከተካል፣ ግን አይግልም። ማገዶ ብትጨምሪ ውሃው ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ቡናውን አብዢው፣ ጥቂትም አቆይው። አንድ ጥቅም አለው፤ ምላስ ሳያቃጥል ወዲያው ይጠጣል።

ማካሮኒና ባቄላ ግን አደራ አትሞክሪ። እንግዶች ማካሮኒው በሰለ አልበሰለ እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ ባለ በቅሎው በሶውን በጥብጦ ጠጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ይነሣል።

ጥያቄ፦ “4,620 ሜትር” የሚል ቲሸርት አሳትመን ወጣን። አስጎብኚው 4,550 ነው አለን፣ የጓደኛዬ ሰዓት ሌላ ቁጥር አሳየ። ይባስ ብሎ ማዶ ያለው ጫፍ ከኛ የሚበልጥ መሰለን። የት ነው የወጣነው? (ዳ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ 4,620 እኔም ትምህርት ቤት የሸመደድኩት ነው፤ አሁን አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው። ቲሸርቱን አትጣሉት፤ 70 ሜትሯን ለድካማችሁ ያዙት። ቼነክ ላይ ቧሂትን ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ እንደገና መውጣት፣ ሲመለሱ ያንኑ መድገም አለና ይገባችኋል። ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ሰዓት ደግሞ ደመና ሲመጣ አንተ ቁጭ ብለህ እሱ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ማዶ ያለው ሁልጊዜ የሚበልጥ ይመስላል። ግማሽ ውሃ የቀረው ሃይላንድ አግድም ያዝና በውሃው ፊት ልክ ወደ ማዶው ተመልከት። ጫፉ ከውሃው መስመር በታች ከታየህ አንተ ትበልጣለህ። እጅህ ከብርድ ካልተንቀጠቀጠ።

ጥያቄ፦ በውድ ቡት እያለከለክሁ ስደርስ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ እረኛ ቀድሞኝ ቁጭ ብሏል። የሱፍ ኮፍያ ሸጠልኝ። ዋጋው አልበዛም? (ቢ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ክፈል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እዚሁ ስሜን፣ አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ አግኝቶታል። በዋጋ ስትከራከሩ በየአረፍተ ነገሩ መሐል የሚያርፈው አንተ ነህ፤ ልጁ እስከ ማታም ይከራከርሃል።